ሆደ ባሻ ወላጅና ልጁ

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከቤት ወጥቼ እመለስበታለሁ ካልኋት ሰዓት ጥቂት የዘገየሁ እንደ ሆነ፣ መኪና ገጭቶኝ፣ አስከሬኔ ተገንዞ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ተዝካሬ ሳይቀር በአሳቧ ወጥቶ ያልቅ ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በክረምት አንድ ማታ ዝናብ ይዞኝ አምሽቼ ብመጣ፣ ከአጥሩ በር ላይ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ዘቅዝቃ ለብሳ ቆማ አገኘኋት፤ በደኅና መምጣቴን ባየች ጊዜ የፈነጠቀው ደስታዋም እስከ ቤቱ ደፍ እንኳ ሳይደርስ ወደ ቁጣ ተለወጠና፣ ሦስት ቀን ሙሉ እህል እያቀረበችልኝ ቃል ግን ሳታወጣ አኮረፈችኝ። ከጎረቤቶቻችን አንዳንዶቹ «ፍቅር ነው» ይሉኝ ነበር፤ አንዳንዶቹም «አመሏ ነው፣ ቻላት» ይሉኝ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ከእውነት አልራቁም፤ ነገር ግን ይህ አመል የተባለው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ከወዴት እንደሚመጣ፣ ከእርሱም ጋራ የሚኖር ልጅ ምን ሊያደርግ እንደሚቻለው የመረመሩ ሊቃውንት መኖራቸውን ያወቅሁት ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ኒውሮቲሲዝም የሚሉት ጠባይ በአማርኛ አንድ ስም አልወጣለትም እንጂ፣ ሆደ ባሻ፣ ብስጩ፣ ነጭናጫ፣ አኩራፊ፣ ተጠራጣሪ እያልን በየቅርንጫፉ ስንጠራው ኖረናል። ግንዱ አንድ ነው፤ ይኸውም ልብ ለፍርሃት፣ ለኀዘንና ለቁጣ ቶሎ የመነካት፣ ከተነካም በኋላ ዘግይቶ የመርጋት ዝንባሌ ነው። ደዌ ብሎ መጥራት ስሕተት ይሆናል፤ እንደ ቁመት ሁሉ ማንም ሰው የራሱ መጠን አለው፤ አንዱ ረዘም ሌላው አጠር ይላል እንጂ ያለ ቁመት የተፈጠረ የለም።

ቃሉ ግን ወደ ዓለም የመጣው የደዌ ስም ሆኖ ነው። በ1769 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ዊልያም ከለን የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም፣ ትኵሳት ሳይኖርባቸው ከነርቭ መታወክ ይመጣሉ ለሚላቸው ሕመሞች ኒውሮሲስ የሚል ስም አወጣ። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በቪየና ሲግመንድ ፍሮይድ ስሙን ከነርቭ አንሥቶ በልብ ውስጥ ወደሚደረገው ስውር ሙግት አዛወረው። ካረን ሆርናይ ደግሞ በ1937 ባሳተመችው መጽሐፏ፣ የጭንቀቱን ሥር በሕፃንነት ጊዜ ፈለገች፤ ፍቅሩ ባልታመነ ቤት ያደገ ልጅ፣ ዓለሙ ሁሉ ጠላት፣ እርሱም ብቻውን እንደ ሆነ ይሰማዋልና፣ ካደገ በኋላ ይህን ስጋት ለመሸሽ ወይ ሰውን ሁሉ በመለማመጥ፣ ወይ በመጣላት፣ ወይ በመራቅ ይኖራል ስትል አስተማረች።

በሂትለር ዘመን ከበርሊን ወጥቶ ለንደን የገባው ሃንስ አይዘንክ ነው ነገሩን ከሐኪም ቤት አውጥቶ ወደ ሚዛን ያቀረበው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ሰባት መቶ የሚሆኑ ወታደሮችን መዝገብ መርምሮ በ1947 ባወጣው መጽሐፍ፣ የስሜት ጽናትና የስሜት መናወጥ የአንድ መስመር ሁለት ጫፎች መሆናቸውን ገለጸ። ቀጥሎም ይህን መስመር ከተግባቢነትና ከዝግነት መስመር ጋራ አገናኝቶ ቢያጠላልፈው፣ የጥንቱ የግሪክ ሐኪም የገሊኖስ አራቱ ጠባያት ከአራቱ ማዕዘን ብቅ አሉ። ሰው ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት፣ ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ መፈጠሩን ከቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ለሰማ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ከሥዕሉ ውስጥ እኔን የገረመኝ ግን፣ ትካዜኛውና ቁጡው በአንድ ወገን መሰለፋቸው ነው፤ በየጓዳው የምታለቅሰው እናትና በየደጁ የሚጮኸው አባት የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው። (አይዘንክ ራሱ ነቀፋ አላጣውም፤ ጠባይን ከካንሰር ጋራ ያያያዘባቸው ከሌላ ሰው ጋራ የጻፋቸው 26 ጽሑፎች እምነት የማይጣልባቸው መሆናቸውን በ2019 የራሱ ዩኒቨርሲቲ አስታውቋል፤ ስለ ስሜት መናወጥ ያሰመረው መስመር ግን በሌሎች እጅ ተፈትኖ ጸንቷል።)

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1980 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ኒውሮሲስን ከደዌ መዝገቡ ዋና ክፍልነት ሻረው፤ ጠባዩ ግን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ከሚቈጥሯቸው አምስት ታላላቅ የጠባይ ክፍሎች አንዱ ሆኖ ቀረ። ኮስታና ማክሬ የተባሉት አሜሪካውያን ስድስት ገጽ አድርገው ከፋፈሉት፤ እነዚህም ጭንቀት፣ ቁጣ፣ ትካዜ፣ በሰው ፊት መሸማቀቅ፣ ራስን መግዛት አለመቻልና በመከራ ጊዜ ቶሎ መሰበር ናቸው።

ከወዴት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ መንትዮችን የመረመሩ ሊቃውንት የሰጡት መልስ፣ በሰውና በሰው መካከል ከሚታየው ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው በዘር የሚወረስ ነው የሚል ነው። በ2018 የታተመ፣ ወደ 450 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተ የዘረ መል ምርመራም 136 የዘር ሥፍራዎች ከዚህ ጠባይ ጋራ የተያያዙ መሆናቸውን አሳየ፤ ይኸውም አንድ የጭንቀት ዘር የሚባል ነገር አለመኖሩን ያስረዳል። የሚያስደንቀው የቀረው ግማሽ ነው፤ በአንድ ጣራ ሥር ከአንድ መሶብ በልተው ያደጉ ወንድማማቾች ቤቱ አንድ በመሆኑ ብቻ ጠባያቸው እምብዛም አይመሳሰልም። አንዱ የአባቱን ቁጣ እንደ ክረምት ነጎድጓድ አሳልፎ ይተኛል፤ ሌላው ያንኑ ቁጣ አርባ ዓመት ተሸክሞት ይዞራል።

ቤቱ ግን ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሜሪ ኤይንስወርዝ በ1950ዎቹ አጋማሽ በዩጋንዳ መንደሮች እየተዘዋወረች እናቶችንና ሕፃናትን በተመለከተች ጊዜ፣ የሕፃኑ መተማመን እናቱ የልጇን ምልክት የመረዳቷን መጠን የተከተለ ሆኖ አገኘችው። የእናቱን ስሜት መተንበይ ያልቻለ ልጅ ግን ተንባይ ሆኖ ያድጋል። የእንዲህ ያለ ቤት ልጅ ከቀለም አስቀድሞ ድምፅ ማንበብ ይማራል፤ በሩ እንዴት እንደ ተዘጋ፣ ሲኒው ከረከቦቱ ላይ በምን ኃይል እንዳረፈ፣ «ምንም አልሆንሁም» የሚለው ቃል በየትኛው ዜማ እንደ ተነገረ ያውቃል። ኢቫን ቦሶርሜኒ ናጅ የተባለው የቤተ ሰብ ሐኪም፣ ወላጅ ልጅ ሆኖ ልጁ ወላጅ የሚሆንበትን ይህን መገለባበጥ ከሥራዎቹ አንዱ ርእስ አድርጎታል፤ በዋሽንግተንም ሆነ በእስራኤል የተሰደዱ ወገኖቻችን ልጆች፣ በሐኪም ቤትና በየመሥሪያ ቤቱ ለወላጆቻቸው አስተርጓሚ በመሆናቸው፣ ቋንቋውን ብቻ ሳይሆን ድንጋጤውንም ጭምር ሲያስተረጕሙ ይኖራሉ።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያከብደው የእርግማን ፍርሃት ነው። አባትንና እናትን ማክበር ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱ ነው፤ በበዓል ቀን ጉልበት ስመን የምንቀበለው ምርቃት ከወላጅ አፍ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ያው አፍ ቢረግም ምን ይመጣ ይሆን እያልን እንሰጋለን። ነገር ግን ያው ትእዛዝ በተጠቀሰበት በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 6፣ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ቅዱስ ጳውሎስ ወዲያው አክሎ ያዛል፤ በሽምግልና ላይ የመጀመሪያው ሲነገር ሁለተኛው ሲነገር የሰማሁት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ማክበር አንድ ነገር፣ የወላጅን ስሜት በጫንቃ መሸከም ሌላ ነገር መሆኑን የለየልኝም የንስሐ አባቴ እንጂ ሐኪም አይደለም፤ «ጉልበቷን ሳም፤ ጭንቀቷን ግን ለባለቤቱ ተውለት» ነበር ያሉኝ።

ይህን ልዩነት የሥራው ሁሉ መሠረት ያደረገው አሜሪካዊው ሙሬይ ቦወን ነው። በ1967 በፊላዴልፊያ በተደረገ ጉባኤ ላይ፣ ሌሎች ስለ ሕሙማኖቻቸው ሲናገሩ፣ እርሱ ስለ ገዛ ቤተ ሰቡና ወደ እነርሱ እየተመላለሰ ሳይቈጣና ሳይሸሽ ለመቀመጥ ስላደረገው ሙከራ ተናገረ። እንደ እርሱ አሳብ ፈጽሞ ቈርጦ መሄድ ነጻነት አይደለም፤ ቂሙ ባሕር ተሻግሮ ይከተላልና። ሆኖም የሚደበድብ ወይም የሚያዋርድ ወላጅ ያለበት ሰው ነገሩን የጠባይ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ይታገሥ ብዬ አልመክርም፤ እዚያ ላይ ርቀት ግዴታ ነው።

ስለ ርቀት መጠን በለንደን ጆርጅ ብራውንና ባልንጀሮቹ በ1972 ያሳተሙት ምርመራ ትምህርት ይሰጣል። ከጽኑ የአእምሮ ሕመም ድነው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሰዎች፣ ነቀፋ፣ ጥላቻ ወይም ከልክ ያለፈ መንሰፍሰፍ ባለበት ቤት ሲኖሩ ሕመሙ ይበልጥ ያገረሽባቸው ነበር፤ ይልቁንም በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ፊት ለፊት የሚውሉት። ምርመራው ስለ ሕሙማን ነው፤ እኔ ግን ከእርሱ የሰዓትን መለኪያነት ተበደርሁ። ከእናቴ ቤት ከወጣሁ በኋላ ስልክ በጮኸ ቍጥር እየደነገጥሁ ማንሣቴን ትቼ፣ ሁልጊዜ ማታ በሁለት ሰዓት እኔው እደውል ጀመር። «ሞቼ ብገኝስ!» ባለችኝ ጊዜም አልተከራከርሁም፤ «እማዬ፣ መጨነቅሽ ገብቶኛል፤ ነገ በሁለት ሰዓት እደውላለሁ» ብዬ በተናገርሁት ሰዓት መደወሌን ቀጠልሁ። የመጀመሪያው ወር ኩርፊያ ነበር፤ በሦስተኛው ወር ከሁለት ሰዓት በፊት ስልኩ አጠገብ መቀመጥ ጀመረች።

ጠባዩ የማይነቃነቅ አለት አይደለም። በ2017 ብሬንት ሮበርትስና ጓደኞቹ 207 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ በአማካይ 24 ሳምንት በቈየ ሕክምና ከጠባያት ሁሉ ይበልጥ የተሻሻለው ይኸው የስሜት መናወጥ ሆኖ ተገኘ። ሕክምና ያላገኘውንም ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ጥቂት በጥቂት ያለዝበዋል። በእኛ ዘንድ አማኑኤል ሆስፒታል የሚለው ስም መሳለቂያ ሆኖ ስለ ቈየ፣ እናቴን ሐኪም ጋራ እንሂድ ለማለት አንድ ቀን እንኳ አልደፈርሁም፤ ዕድሜ ግን ሳይፈራት መጣ። ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላ አንድ እሑድ መንገድ ተዘግቶብኝ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቼ ብደርስ፣ በአጥሩ በር ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። ነጠላዋን እንደ ዘወትሩ አጣፍታ ከጀበናው አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ብላም አየችኝና፣ «አቦሉ አመለጠህ፤ ና ቶናውን ጠጣ» አለችኝ።