ደዋ ሐረዋ ወይስ ደዋ ሀረዋ? ሞክሼ ፊደላትና የተለዋዋጭ ስም ወሰን

ከሚሴን ዋና ከተማው ባደረገው በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከሚገኙት ወረዳዎች አንዱ ደዋ ሐረዋ ነው። ስሙ በ«ሐ»ም ሆነ በ«ሀ» ቢጻፍ አንባቢ አይደናገርም። ለፕሮግራም ቋንቋ ግን ሁለቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው።

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3 ደግሞ ተለዋዋጮችን ከላቲን ውጭ ባሉ ፊደላት መሰየም ፈቅዷል። ስለዚህ «ሐረዋ = 0» ሕጋዊ ዐረፍተ ትእዛዝ ነው። ፓይተን ስሞችን ከማነጻጸሩ በፊት በዩኒኮድ ደንብ ወጥ ቢያደርጋቸውም፣ ደንቡ ሞክሼ ፊደላትን አያዋሕድም።

ጉዳቱ የሚታየው በስሞች ወሰን ላይ ነው። በፓይተን አንድ ፈንክሽን ውስጥ እሴት የተሰጠው ስም፣ ሌላ ነገር ካልታወጀ በቀር፣ የዚያ ፈንክሽን የውስጥ ስም ይሆናል። የወረዳውን የተማሪዎች ቁጥር የሚይዘው «ሐረዋ» ከሁሉም ፈንክሽኖች ውጭ ዜሮ ተብሎ ቢጀመርና፣ ቁጥሩን የሚሞላው ፈንክሽን «ግሎባል ሀረዋ» ብሎ ዐውጆ እሴቱን ቢሰጥ፣ ፓይተን አይቃወምም። ከዚህ ቀደም ያልነበረ የውጭ ስም ፈጥሮ ቁጥሩን እዚያ ያኖራል። ሪፖርቱ «ሐረዋ»ን ሲያነብ ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ዜሮ ያትማል፤ በወረዳው አንድም ተማሪ የሌለ ይመስላል።

«ኖንሎካል» የተባለው ዐዋጅ ከዚህ ይለያል። በሌላ ፈንክሽን ውስጥ በታቀፈ ፈንክሽን ሲጻፍ፣ ስሙ በአቃፊው ፈንክሽን ውስጥ አስቀድሞ መኖር አለበት፤ ከሌለ ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ይታገዳል። ሁለቱ ዐዋጆች ብዙ ጊዜ እንደ መንትያ ይቀርባሉ፤ ነገር ግን አንዱ ስም ይፈጥራል፣ ሌላው ያለውን ስም ይጠይቃል። በሞክሼ ፊደላት ለሚጽፍ ሰው ሁለተኛው ይመረጣል። የሲ ቋንቋም ያልታወጀ ተለዋዋጭ ሲጠራ ስለማይቀበል በዚህ ረገድ የተሻለ ጥበቃ አለው።

ቋንቋው ራሱ «ሀ»ንና «ሐ»ን እንደ አንድ ይቍጠራቸው የሚለው ሐሳብ ለአማርኛ ብቻ ቢታሰብ የሚማርክ ነው። በትግርኛ ግን ሁለቱ ድምፆች ስለሚለያዩ፣ መዋሐዳቸው በእውነት የተለያዩ ቃላትን ያጋጫል። የዞኑ የሥራ ቋንቋ ወደ ሆነው ኦሮምኛ መሄድም ችግሩን መልኩን እንጂ ህላዌውን አይለውጥም፤ ቁቤ የላቲን ፊደል በመሆኑ፣ ፓይተን በትልቅና በትንሽ ፊደል የተጀመረን አንድ ስም ሁለት አድርጎ ያያል።

ወረዳዎቹ የዲክሽነሪ ቁልፍ ሆነው ሲጻፉ፣ በተግባርም የሚበዛው ይህ ነው፣ የወሰን ሕግ ጨርሶ አይደርስባቸውም። በ«ሀረዋ» እሴት መስጠት አዲስ ቁልፍ ይከፍታል። እዚያ የዐዋጅን ሥራ የሚተካው አስቀድሞ የተዘጋ የወረዳዎች ዝርዝር ነው፤ በዝርዝሩ የሌለ ስም ሲመጣ ፕሮግራሙ ይቆማል።