«ኤችዲአር» የሚል ምልክት ያላቸው የኮምፒዩተር ስክሪኖችና ያስከተሉት መደናገር

በገበያ ላይ ከሚገኙ የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ስክሪኖች መካከል በርካቶቹ በካርቶናቸው ላይ «ኤችዲአር» የሚል ምልክት ተለጥፎባቸው ይሸጣሉ። ምልክቱን ተመልክቶ ተጨማሪ ገንዘብ የከፈለ ገዥ ስክሪኑን ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝቶ በዊንዶውስ ማስተካከያ ውስጥ የሚገኘውን የኤችዲአር ማብሪያ ሲጫን የደመቀና የጠራ ምስል ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ግን ተቃራኒው ነው። ነጭ የነበረው ገጽ ወደ ግራጫ ይለወጣል፤ ቀለማቱ ይገረጣሉ፤ ጥቁር መሆን የሚገባው ሥፍራም አመድ ይመስላል። ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሻጩ የሚመልስ አለ፤ ማብሪያውን አጥፍቶ ዳግመኛ የማይነካውም አለ። በአብዛኛው ግን የተበላሸ ዕቃ የለም። ችግሩ አንድ ስም ለብዙ የተለያዩ ነገሮች መሰጠቱ ነው።

ጉዳዩ በተለይ የሚመለከተው ስክሪን በብዛት የሚገዙ ተቋማትን ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ «ኤችዲአር ያለው» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ዝርዝር መግለጫ፣ ምስሉን በትክክል ለሚያሳይ ውድ ስክሪንም ሆነ ምልክቱን ከመቀበል ያለፈ አቅም ለሌለው ርካሽ ስክሪን እኩል በር ይከፍታልና።

ኤችዲአር በአጭሩ በጣም ጨለማ በሆነውና በጣም ብሩህ በሆነው የምስል ክፍል መካከል ያለውን ልዩነት አስፍቶ የሚይዝ የቪዲዮ ሥርዓት ነው። ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የቆየው መደበኛ ቪዲዮ መሠረቱ የቀድሞው የካቶድ ቱቦ ቴሌቪዥን ሲሆን፣ ባለሙያዎች በስቱዲዮ ሲያዘጋጁት ከፍተኛው ነጭ 100 ኒት ገደማ ብርሃን እንዲኖረው አድርገው ነው። ኒት ማለት የአንድ ገጽ የብርሃን መጠን መለኪያ ሲሆን በካሬ ሜትር አንድ ካንዴላ ማለት ነው። ተራ የቢሮ ስክሪን ከ250 እስከ 300 ኒት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደረጃ ሆኖ የወጣውና ፒኪው በመባል የሚታወቀው የዶልቢ ኩባንያ የአቀራረጽ ስልት ግን እስከ 10,000 ኒት የሚደርስ ብርሃን እንዲመዘገብ ያስችላል። እርግጥ ነው፣ ፊልሞች በተግባር የሚዘጋጁት በአብዛኛው በ1,000 ወይም በ4,000 ኒት ጣሪያ ነው።

ብርሃኑ ሲሰፋ ደረጃዎቹም መብዛት ይኖርባቸዋል። መደበኛው ቪዲዮ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም በ8 ቢት 256 ደረጃዎች ሲጠቀም፣ ኤችዲአር ቢያንስ በ10 ቢት 1,024 ደረጃዎች ይጠቀማል። ይህ ካልሆነ በሰማይ ወይም በግድግዳ ምስል ላይ ቀለሙ በለስላሳ ሽግግር ፋንታ በመስመር በመስመር ተከፋፍሎ ይታያል።

መደናገሩ ከስሙ ይጀምራል። በተንቀሳቃሽ ስልክ ካሜራ ላይ ለዓመታት «ኤችዲአር» ሲባል የነበረው ሌላ ነገር ነው። ካሜራው በተለያየ የብርሃን መጠን ያነሳቸውን በርካታ ፎቶግራፎች አዋሕዶ በተራ ስክሪን ላይ የሚታይ አንድ ምስል ያወጣል፤ ይህን ለማየት ልዩ ስክሪን አያስፈልግም። የቪዲዮው ኤችዲአርም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ኤችዲአር10 ለሙሉው ፊልም አንድ የብርሃን መግለጫ ብቻ ይይዛል። ዶልቢ ቪዥንና ሳምሰንግ ከአማዞን ጋር በ2017 ያስተዋወቀው ኤችዲአር10 ፕላስ ለየትዕይንቱ የተለየ መግለጫ ያያይዛሉ። የእንግሊዙ ቢቢሲና የጃፓኑ ኤንኤችኬ ለቴሌቪዥን ሥርጭት በጋራ የፈጠሩት ኤችኤልጂ ደግሞ በተራ ቴሌቪዥን ላይም በተቻለ መጠን እንዲታይ ተደርጎ የተቀመረ ነው። አንዱን የሚያውቅ መሣሪያ ሌላውን ላያውቅ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው በመሣሪያዎቹ መካከል ያለው ቅብብል ነው። በሳሎን ቴሌቪዥን ላይ ሙሉው ሥራ የሚከናወነው አንድ አምራች በሠራው አንድ ዕቃ ውስጥ በመሆኑ ተመልካቹ ምንም ሳይነካ ምስሉን ያገኛል። በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ ግን ቪዲዮው፣ ማጫወቻው ሶፍትዌር፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ግራፊክስ ካርዱ፣ ኬብሉና ስክሪኑ የየራሳቸው አምራች አላቸው። ከእነዚህ አንዱ ቋንቋውን ካላወቀ ቅብብሉ እዚያው ይቋረጣል፤ ተጠቃሚው ግን የተቋረጠው የት ላይ እንደሆነ የሚነግረው የለም።

ዊንዶውስ ለኤችዲአር ድጋፍ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 በወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ነው። ያኔም ሆነ በዊንዶውስ 11 ማብሪያው ሲበራ ኤችዲአር የሚሆነው ቪዲዮው ብቻ ሳይሆን ሙሉው ስክሪን ነው፤ ደብዳቤውም፣ ሠንጠረዡም፣ የኢሜይል ገጹም አብረው ይገባሉ። ምስሉ የሚገረጣበት ዋናው ምክንያት የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው። በመደበኛው ሥርዓት «ሙሉ ነጭ» ማለት ስክሪኑ መስጠት የሚችለው ከፍተኛ ብርሃን ማለት ነው፤ ተጠቃሚው የብርሃን ቁልፉን ከፍ ካደረገ ነጩም አብሮ ከፍ ይላል። በፒኪው ሥርዓት ግን እያንዳንዱ ቁጥር የተቆረጠ የኒት መጠን አለው። ስለዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የተለመደው የቢሮ ገጽ ስንት ኒት ይሁን የሚለውን ራሱ መወሰን ይኖርበታል። በመጀመሪያዎቹ እትሞች የተመረጠው መጠን ዝቅተኛ በመሆኑ በ250 ኒት መሥራት የለመደ ዓይን ሁሉ ነገር የጨለመ ይመስለው ነበር። በኋላ በወጡ እትሞች ላይ የመደበኛ ምስሎችን ብርሃን ለብቻው ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች ማስተካከያ ተጨምሯል። ብዙ ተጠቃሚዎች ግን ይህ ማስተካከያ መኖሩን ሳያውቁ ማብሪያውን ያጠፋሉ። በተጨማሪም ዊንዶውስ መደበኛውን ምስል ወደ ኤችዲአር ሲለውጥ የሚጠቀምበት ቀመር አብዛኞቹ ስክሪኖች ከሚከተሉት ቀመር በጨለማው ክፍል በጥቂቱ ስለሚለይ ጥላዎች ገርጥተው ይታያሉ። ማይክሮሶፍት በ2022 ስክሪንን ለኤችዲአር የሚያስተካክል አነስተኛ ሶፍትዌር በነፃ አቅርቧል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ቪዲዮው ኤችዲአር ሆኖ ማጫወቻው ይህን የማያውቅ ከሆነ ቁጥሮቹን እንደ መደበኛ ቪዲዮ ያነባቸዋል። በፒኪው አቀራረጽ 100 ኒት የሚመዘገበው ከሙሉው መለኪያ ግማሽ አካባቢ ላይ ነው። በመደበኛ ቪዲዮ ጣሪያ ላይ መቀመጥ የነበረበት ነጭ እዚህ በመካከል ይቀመጣል ማለት ነው። ውጤቱም በጭጋግ ውስጥ የተቀረጸ የሚመስል ምስል ነው። ኤችዲአርን የሚያውቁ ማጫወቻዎች ግን፣ ለምሳሌ በ2018 የወጣው ቪኤልሲ 3.0፣ ስክሪኑ ተራ ቢሆንም እንኳ ብርሃኑን ሰብስበው ለስክሪኑ በሚመጥን መልክ ያቀርቡታል። እንግዲህ ኤችዲአር ቪዲዮን በተራ ስክሪን ላይ በአግባቡ ማየት ይቻላል፤ የሚጠፋው ተጨማሪው ብርሃን ብቻ ነው።

ይህ ነጥብ ለሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ቅርብ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ ከአይፎን 12 አንስቶ፣ የአይፎን ስልኮች ራሳቸው ቪዲዮን በኤችዲአር መቅረጽ ጀምረዋል። ባለሙያው በስብሰባ ላይ በስልኩ የቀረጸው ቪዲዮ በስልኩ ላይ ደምቆ፣ በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ግን ገርጥቶ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በአንዳንድ ኮምፒዩተሮች ላይ ደግሞ የቪዲዮውን የአጨማመቅ ስልት የሚፈታው ተጨማሪ ክፍል ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ስለማይመጣ ቪዲዮው ጨርሶ አይከፈትም። በስልኩ የካሜራ ማስተካከያ ውስጥ የኤችዲአር ቪዲዮን ማጥፋት ይቻላል፤ ለተለመደው የቢሮ ሥራም ይህ ይበቃል።

የግራፊክስ ካርድና የኬብል ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የወጡት የኤንቪዲያ 10 ተከታታይ ካርዶችና የኢንቴል 7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች የ10 ቢት ቪዲዮን ያለ ችግር ይፈታሉ። የኤችዲኤምአይ መስመር የኤችዲአር መግለጫ መሸከም የጀመረው በ2015 በወጣው 2.0ኤ እትም ሲሆን፣ አቅሙ በሴኮንድ 18 ጊጋቢት ነው። ይህ አቅም ለ4ኬ ስክሪን በሴኮንድ 60 ምስሎችን በ10 ቢትና በሙሉ ቀለም ለማድረስ አይበቃም። ኮምፒዩተሩም ይህን ለማካካስ የቀለም መረጃውን ሲቀንስ የትንንሽ ፊደላት ጠርዝ ይደበዝዛል። ቀን ሙሉ ጽሑፍ ለሚያነብ ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዲስፕሌይፖርት 1.4 ወይም ኤችዲኤምአይ 2.1 በሚሸከም ኬብል ሲገናኝ ችግሩ ይወገዳል።

ትልቁ ልዩነት ያለው ስክሪኑ ላይ ነው። በርካታ አምራቾች «ኤችዲአር10 ይደግፋል» ብለው የሚጽፉት ስክሪኑ ምልክቱን ተቀብሎ መረዳት የሚችል መሆኑን ለመግለጽ ብቻ ነው። ስክሪኑ ከ300 ኒት ያልበለጠ ብርሃን ቢኖረውና ጀርባው ላይ ያለው መብራት ሙሉውን ገጽ በአንድነት የሚያበራ ቢሆንም እንኳ ጽሑፉ ሐሰት ነው ሊባል አይችልም። ምልክት መቀበልና ምስሉን ማሳየት ግን የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ይህን ልዩነት ለማጥራት ቬሳ የተባለው የስክሪን አምራቾች የደረጃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 «ዲስፕሌይኤችዲአር» የተሰኘ የምዘና ደረጃ አውጥቷል። 400፣ 600 እና 1000 የሚሉት ቁጥሮች ስክሪኑ ሊሰጥ የሚገባውን ከፍተኛ ብርሃን በኒት ያመለክታሉ። ይሁንና ዝቅተኛው ደረጃ ራሱ መደናገሩን ሙሉ በሙሉ አላስወገደም። በመጀመሪያው መመዘኛ 400 የተባለው ደረጃ 8 ቢት ስክሪንንም ይቀበል ነበር፤ የጀርባ መብራቱ በክፍል በክፍል እንዲደበዝዝም አያስገድድም። 400 ኒት ብርሃንና 0.4 ኒት ጥቁር ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው 1,000 እጥፍ ይሆናል። ይህ ደግሞ ማንኛውም ደኅና የቢሮ ስክሪን ያለው ነው። ማኅበሩ በ2024 ባወጣው የተሻሻለ መመዘኛ ለ400 ደረጃም ሰፋ ያለ ቀለምና 10 ቢት እንዲሟላ ጠይቋል። በመሆኑም በሁለት ስክሪኖች ላይ የሚታይ ተመሳሳይ የ400 ምልክት በተለያየ መመዘኛ የተሰጠ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ በዓይን በግልጽ የሚታየው ከ600 ደረጃ አንስቶ፣ በይበልጥም በ1000 ላይ ነው፤ የጀርባ መብራቱ በብዙ ክፍሎች ተከፍሎ ጨለማው ሥፍራ ላይ ሲጠፋ ብሩሁ ላይ ይበራል። ኦሌድ በተባሉት ስክሪኖች ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ስለሚበራና ስለሚጠፋ ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው፤ ማኅበሩም ለእነዚህ «ትሩ ብላክ» የሚል የተለየ ደረጃ አለው። ኦሌድ ግን ቀኑን ሙሉ የማይንቀሳቀስ የሥራ ገጽ በሚታይበት ቢሮ ውስጥ ከጊዜ ብዛት ጠባሳ ሊቀርበት ስለሚችል ለሁሉም ሠራተኛ የሚገዛ አይደለም።

ከዊንዶውስ ውጪ ያለው ሁኔታ የተለየ ነው። አፕል ስክሪኑንም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙንም ራሱ ስለሚያመርት በማክ ኮምፒዩተሮቹ ላይ መደበኛው ገጽ በቦታው እንዳለ ቪዲዮው ብቻ ከዚያ በላይ እንዲያበራ አድርጓል፤ መገርጣቱም እምብዛም አያጋጥምም። በሊኑክስ በኩል ድጋፉ ዘግይቷል። ኬዲኢ ፕላዝማ በየካቲት 2024 በሙከራ ደረጃ፣ ግኖም ደግሞ በመጋቢት 2025 በወጣው 48ኛ እትሙ ኤችዲአርን አካተዋል።

ዝርዝር መግለጫ የሚያዘጋጅ የግዥ ባለሙያ «ኤችዲአር» የሚለውን ቃል ትቶ የሚለኩ ነገሮችን ቢጽፍ ይሻለዋል። እነርሱም የከፍተኛ ብርሃን መጠን በኒት፣ የቢት ብዛት፣ የጀርባ መብራቱ በክፍል የሚሠራ መሆን አለመሆኑ፣ የቬሳ ደረጃው ቁጥርና የመመዘኛው እትም፣ እንዲሁም የሚያስፈልገው የኬብል መግቢያ ዓይነት ናቸው። በርክክብ ጊዜም የጥራት መርማሪው በዊንዶውስ 11 «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» በተባለው ገጽ ላይ የቢት ብዛቱንና የቀለም ሥርዓቱን በደቂቃ ውስጥ ማረጋገጥ ይችላል። ብርሃኑን ግን ይህ ገጽ ለክቶ አያረጋግጥም፤ መለኪያ መሣሪያ ከሌለ የተረጋገጠ የደረጃ ምልክት መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ቪዲዮ የሚያቀናብሩና ምስል የሚያርሙ ሠራተኞች ባሉባቸው ክፍሎች ወጪው ተገቢ ነው። ደብዳቤና ሠንጠረዥ ለሚሠራው አብዛኛው ሠራተኛ ግን ማብሪያው ጠፍቶ መቆየቱ ምንም አያጎድልበትም። ዊንዶውስ፣ አልት እና ቢ የሚሉት ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ ኤችዲአር በሚቀበል ስክሪን ላይ ያበሩታል፤ ደግመው ሲጫኑም ያጠፉታል።