እንደ አንጀት የሚሠራ ፓምፕ

ላም ከወንዝ ዳር ቆማ ውሃ ስትጠጣ አፏ ከሆድዋ በታች ነው፤ ውሃው ግን በአንገትዋ ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ከሆድዋ ይደርሳል። ይህም የሚሆነው የጉሮሮዋ ቧንቧ ከኋላ እየጠበበ ከፊት እየሰፋ የዋጠችውን ስለሚገፋው ነው። በሰውም ጉሮሮና አንጀት የሚሆነው ይኸው ነው። ሐኪሞች ይህን የመጭመቅና የመልቀቅ ተራ ፔሪስታልሲስ ይሉታል፤ ዛሬ የምንገልጸው ፓምፕም ፔሪስታልቲክ የተባለው አሠራሩ ይህንኑ ስለሚመስል ነው።

የፓምፑ ዋና ክፍል አንድ ለስላሳ የጎማ ቱቦ ነው። ቱቦው በግማሽ ክብ ቤት ውስጥ ጐብጦ ይቀመጣል፤ በመካከሉ በሞተር የሚዞር መዘውር አለ፤ በመዘውሩም ጫፍ ሁለት ወይም ሦስት መዳመጫዎች ተተክለዋል። እናቶቻችን ጥጥ በሚዳምጡበት ጊዜ ብረቱ በድንጋዩ ላይ ተጭኖ እየተንከባለለ ፍሬውን ወደ ፊት እንደሚያስወጣው ሁሉ፣ ይህም መዳመጫ ቱቦውን እስኪዘጋው ድረስ ተጭኖ ሲንከባለል በፊቱ ያለውን ፈሳሽ ይገፋል። ከኋላው የተለቀቀው ቱቦ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሲመለስ ደግሞ አዲስ ፈሳሽ ከበርሜሉ ይስባል። በሁለት መዳመጫዎች መካከል የሚታሰረው ፈሳሽ መጠኑ አንድ ስለ ሆነ፣ የመዘውሩን ፍጥነት የወሰነ ሰው የፈሳሹን ልክ ወሰነ ማለት ነው።

ፈሳሹ ከቱቦው ውስጥ በቀር የፓምፑን ብረት ከቶ አይነካም። ስለዚህ አሲድ ቢሆን ብረቱን አይበላም፤ ደም ቢሆን አይበከልም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ማይክል ደቤኪ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ይህን ፓምፕ አሻሽሎ ለደም መስጫ አዋለው። በ1953ም ጆን ጊቦን በፊላዴልፊያ የአንዲት ወጣት ልብ ከፍቶ ሲጠግን ደምዋን ያዘዋወረው መሣሪያ እንዲህ ባሉ ፓምፖች የሚሠራ ነበር። ዛሬም ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማን ደም የሚታጠበው በዚሁ ነው። በማዕድን ሥፍራ ጭቃና ጠጠር የተቀላቀለበትን ውሃ የሚገፉት ግዙፎቹም ዓይነታቸው ያው ነው።

ለመሥሪያ ቤታችን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን በውሃ ጣቢያ የክሎሪን ብጥብጥ የሚጨምረው ትንሹ ፓምፕ ነው። ብጥብጡ አረፋ የሚያወጣና ዝቃጭ ያለው በመሆኑ ቫልቭ ያላቸውን ፓምፖች ብዙ ጊዜ ያስቸግራል፤ ይህኛው ቫልቭ ስለሌለው አይታነቅም። ነውሩ ሌላ ነው። ቱቦው ቀን ከሌት ሲጨመቅ ይደክማል፤ የደከመ ቱቦም ሲለቀቅ ስለማይነሣ፣ ፓምፑ እየዞረ ብጥብጡን አይስብም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የውሃ ጣቢያ ጐብኝተን ነበር። ፓምፑ ያለማቋረጥ ይዞራል፤ በመዝገቡም «ደኅና ነው» ተብሎ ተጽፎአል። ከሩቁ ቦኖ ቀድተን ስንመረምር ግን ቀሪ ክሎሪን አላገኘንም። ቱቦውን ብናወጣው መዳመጫው የሚያልፍበት ቦታ ጠፍጥፎ ቀርቶአል። ሠራተኛውን አልወቀስነውም፤ መለዋወጫ ቱቦ ከጠየቀ ወራት አልፎት ነበር። ሕፃናት ግን ያን ውሃ ይጠጡ ነበር።

ሒሳቡን እንመልከት። በሰዓት 20,000 ሊትር ውሃ ለሚያወጣ ጣቢያ በሊትር 2 ሚሊግራም ክሎሪን ይጨመር ቢባል፣ በሰዓት 40 ግራም ያስፈልጋል። ይህም በመቶ 1 እጅ ክሎሪን ካለው ብጥብጥ 4 ሊትር ነው። ስለዚህ በ8 ሰዓት ሥራ ከበርሜሉ 32 ሊትር መጉደል አለበት። 16 ብቻ ቢጐድል ውሃው የሚያገኘው ግማሹን ነው፤ ያንንም በውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ሊጨርሰው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ከክሎሪን ጋራ ቢያንስ 30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖረው፣ በሚቀዳበትም ቦታ ከ0.2 እንዳያንስ ይመክራል።

እንግዲህ የጣቢያ ሠራተኞች በርሜሉን በሊትር ምልክት አድርጋችሁ፣ ጧትና ማታ የጐደለውን እንድትጽፉ እናሳስባለን። ቱቦው እስኪቀደድ አይጠበቅ፤ ሠሪው ፋብሪካ በወሰነው ሰዓት ይለወጥ። በምትለውጡበት ጊዜ ፓምፑን አጥፉ፤ ጓንትና መነጽርም አድርጉ፤ በቱቦው ውስጥ የቀረው ብጥብጥ ሊረጭና ዓይን ሊጐዳ ይችላልና።