የመድኃኒት ማስጠንቀቂያና የመድኑ ካርድ
ማስጠንቀቂያው ሲወጣ ወጪው ወደ ማን ኪስ ይዞራል?

በእንግሊዝ አቆጣጠር በ1953 በኮላ ድባና በአካባቢው የደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጅቶ በተከታዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም ምክንያት መሆኑ ይታወቃል። ያኔ ጭንቀቱ መድኃኒት ይገኛል ወይ የሚል ነበር። ዛሬ ደግሞ ደኅንነቱን ማን ያረጋግጣል፣ ሒሳቡንስ ማን ይከፍላል የሚለው ተጨምሯል።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ አባሉ ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ ውል በገባ የመንግሥት ጤና ተቋም እንዲታከምና መድኃኒት እንዲወስድ የሚያደርግ ነው። ይሁን እንጂ ሽፋኑ በተግባር የሚለካው በተቋሙ መደርደሪያ ነው። መድኃኒቱ ከሌለ አባሉ ከግል መድኃኒት ቤት ይገዛል፤ ወጪውም ብዙውን ጊዜ ከኪሱ ይወጣል።

የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ይህን መደርደሪያ በሁለት መንገድ ይነካዋል። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አንድ መድኃኒት ከገበያ እንዲሰበሰብ ካዘዘ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አቅርቦቱም ክፍያውም አብረው ይቆማሉ። ከባዱ መድኃኒቱ ሳይታገድ ለተወሰኑ ሰዎች አይሰጥ የተባለ እንደሆነ ነው።

ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮይክ አሲድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በወሊድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶችና ልጃገረዶች እንዳይታዘዝ አሳስቧል። በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉ የአካል ጉድለት ይዘው ሊወለዱ ይችላሉ፤ ከ100ው ከ30 እስከ 40 የሚደርሱት ደግሞ የእድገት ችግር ሊያጋጥማቸው ይችላል። ለወንድና ለአዛውንት ግን መድኃኒቱ ጥቅም ላይ እንዳለ ነው።

እንግዲህ ለአንዲት የደምቢያ ወጣት እማወራ ሐኪሙ ሌቬቲራሴታም ወይም ላሞትሪጂን ቢጽፍላትና ተቋሙ ባይኖረው፣ ማስጠንቀቂያው ጽንሱን ከአደጋ ሲያድን የመድኑን ወጪ ወደ እርሷ ኪስ ያዞረዋል። ገንዘቡ ከሌላት የቀድሞውን መውሰድ ትቀጥላለች፤ ወይም በድንገት ታቋርጣለች። ድንገተኛ ማቋረጥ ደግሞ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል።

በውጭ አገርም ይህ ሚዛን ቀላል አልሆነም። አቫንዲያ የተባለው የስኳር በሽታ መድኃኒት ለልብ ያሰጋል ተብሎ በ2010 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ሲታገድ፣ በአሜሪካም ጥብቅ ገደብ ተጥሎበት ነበር። አሜሪካ በ2013 እ.ኤ.አ. ገደቡን አላልታለች። በማስጠንቀቂያ ብቻ ቸኩሎ ክፍያ ማቆምም ሆነ አለማቆም ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ወደ ጤና ተቋማት ሲወርድ የተተኪው መድኃኒት ግዢና የመድኑ ክፍያ አብረው መውረድ ይኖርባቸዋል። አለዚያ ምክሩ የሚሠራው ገንዘብ ላለው ብቻ ይሆናል። ታካሚዋ በበኩሏ ሐኪሟን ሳታማክር መድኃኒቷን አታቋርጥ።