ዘግይቶ የጀመረ ሾፌር፣ የመጀመሪያ መኪናና የኢንሹራንስ ወሬ

አሽዶድ ውስጥ ዓርብ ከሰዓት የቆመ አውቶቡስ እስከ ቅዳሜ ማታ አይንቀሳቀስም። በ2017 በተከፈተው በአሱታ ሆስፒታል በፈረቃ የሚሠራ፣ ወደቡ ላይ ሌሊት የሚገባ፣ ኪርያት ጋት ዘመድ ሞቶበት ለልቅሶ የሚቸኩል ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ከኢትዮጵያ ከመጡ ወገኖቻችን፣ በተለይም ከእናቶች፣ ልጆቻቸውን ካሳደጉ በኋላ በ40 እና በ50 ዓመታቸው መንጃ ፈቃድ የሚያወጡት አንዱ ለዚህ ነው። ፈተናውን ማለፍ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚጎርፈው ምክር ነው። ጎረቤቱም፣ አጎቱም፣ የሥራ ባልደረባውም ስለ መኪናና ስለ ኢንሹራንስ የሚለው አያጣም፤ ከሚባለው ግን ብዙው ገንዘብ የሚያስወጣ ስህተት ነው።

«ሆቫ (አስገዳጁን ኢንሹራንስ) ከፍያለሁ፣ ሌላው ምን ያደርግልኛል?» የሚለው ከሁሉም ይብሳል። ስህተቱ የመጣበት መንገድ ይገባኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) መሠረት፣ በሰው ላይ የደረሰውንም በንብረት ላይ የደረሰውንም ጉዳት እስከ ተወሰነ ጣሪያ ይሸፍናል። እዚህ እስራኤል ግን ሆቫ ለአካል ጉዳት ብቻ ነው። በ1975 የወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሳ ሕግ ሾፌሩን፣ ተሳፋሪውንና እግረኛውን፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ እንዲካሱ ያደርጋል። ለተጨረመተ ቆርቆሮ ግን አንዲት አጎራ አይከፍልም።

አዲስ ሾፌር ደግሞ በብዛት የሚፈተነው በቆርቆሮ ነው። ሮቫው (ሰፈሩ) ውስጥ፣ ከሕንፃው ሥር፣ መኪና ከመኪና ተጠጋግቶ ቆሟል። ወደ ኋላ ስትወጡ የጎረቤትን አዲስ መኪና በር ገጫችሁ እንበል። የሚጠየቀው የበሩ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የቀለሙ አለ፣ የሻማዩ (የጉዳት ገማቹ) ክፍያ አለ፣ መኪናው በመጠገኑ ምክንያት ዋጋው የወረደበትም ይጨመራል። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ጻድ ጊሜል፣ ማለትም በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚገዛው ኢንሹራንስ ነው። እሱ ከሌለ ከደመወዝ ይወጣል። ስለዚህ አዲስ የሚጀምር ሰው ማኪፍ (የራስን መኪና ጭምር የሚሸፍነውን ሙሉ ኢንሹራንስ) መግዛት ባይችል እንኳ ያለ ጻድ ጊሜል መሪ መጨበጥ የለበትም ባይ ነኝ።

ሆቫን በተመለከተ ሌላ አንድ ነገር አለ። ከኩባንያው ጋር በስልክ መነጋገር ብቻውን መድን አይሆንም፤ የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ሲከፈልበት ነው። ያለ ሆቫ የነዳ ሰው ራሱ ቢጎዳ በዚያው በ1975ቱ ሕግ ካሳ አያገኝም። ሌላ ሰው ቢጎዳ ቃርኒት የተባለው ፈንድ ተጎጂውን ይክስና ገንዘቡን ከሾፌሩ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ዕዳ ቤተሰብ ያፈርሳል።

ስለ ዕድሜ የሚባለው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ «ትልቅ ሰው ነኝ፣ የልጆቹ ዋጋ አይመለከተኝም» ይላል፤ ሌላው «አዲስ ስለሆንኩ እንደ 18 ዓመት ልጅ ያስከፍሉኛል» ብሎ ይፈራል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ኩባንያዎቹ ዕድሜንና የመንጃ ፈቃዱን ዕድሜ ለየብቻ ነው የሚያዩት። ከ24 ዓመት በታች ያለ ሾፌር በዕድሜው ምክንያት ይወደድበታል። የ48 ዓመት እናት ያ ሸክም የለባቸውም፤ መንጃ ፈቃዳቸው ገና አንድ ዓመት ካልሞላው ግን አዲስ ሾፌር ናቸው፣ ክፍያውም አደጋ ሲደርስ ከራሳቸው ኪስ የሚጠየቁት ድርሻም ከፍ ይላል። ያ ዓመት በሰላም ካለፈ ግን ዋጋው መውረድ ይጀምራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት የነዳ ሰው ካለ የድሮውን መንጃ ፈቃድ ይዞ፣ ያ ዘመን ይቆጠርለት እንደሆነ ገና ሳይፈርም ይጠይቅ።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። «አሮጌ መኪና ግዛ፣ ኢንሹራንሱም ይረክሳል» ይባላል። ሆቫ የመኪናውን ዋጋ ጨርሶ አይመለከትም። የሚመለከተው የሞተሩን መጠን፣ ስንት ኤርባግ እንዳለው፣ ኤቢኤስና መንሸራተትን የሚቆጣጠር መሣሪያ እንዳለው ነው። ከመስመር መውጣትንና ከፊት ያለውን መኪና መጠጋትን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያም ይቆጠራል። ስለዚህ በ12,000 ሼቄል የተገዛ፣ ሁለት ኤርባግ ብቻ ያለው ባለ 2,000 ሲሲ አሮጌ መኪና፣ በሆቫ ዋጋ ዘመናዊ የሆነች ትንሽ 1,200 ሲሲ መኪናን ሊበልጥ ይችላል። የሞተሩ መጠን በመኪናው ሪሺዮን (ፈቃድ) ላይ ተጽፏል፤ ሻጩ የሚለውን ከመስማት ይልቅ ወረቀቱን ማንበብ ይሻላል።

ማኪፍ ግን ሌላ ስሌት አለው። የመኪናው ዋጋ ይገባበታል፣ ሞዴሉም ይገባበታል። መንገድ ላይ በብዛት የሚታይ መኪና ዕቃው በቀላሉ ስለሚገኝ ለመጠገን ይመቻል፤ በዚያው ልክ ዕቃው ስለሚፈለግ ሌባም ይወደዋል፣ ኩባንያውም የስርቆት መከላከያ ካላስገባህ አልሸፍንም ሊል ይችላል። የመከላከያው ወጪ የመኪናው ዋጋ አካል ነው፤ ከመግዛት በፊት መታወቅ አለበት። ዕድሜው የገፋ መኪና ደግሞ አንዳንዱ ኩባንያ ማኪፍ አይሰጠውም። መኪናው 15,000 ሼቄል አውጥቶ ማኪፉ በየዓመቱ ብዙ ሺህ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሆቫንና ጻድ ጊሜልን ይዞ ቀሪውን ማስቀመጥ ያዋጣል። በብድር የተገዛ ውድ መኪና ግን ያለ ማኪፍ መተው የለበትም፤ መኪናው ቢሰረቅም ዕዳው ይቀራል።

መልኩ ቀይ የሆነ መኪና ሆቫው ይወደዳል የሚለው መሠረት የለውም። ቀለም ከስሌቱ ውስጥ የለም።

በእኛ ከተማ ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ደግሞ ሮኬት ነው። «ማኪፍ ከሌለኝ፣ ሚሳይል መኪናዬን ቢመታው ማን ይከፍለኛል?» እያሉ ለዚህ ብቻ ማኪፍ የሚገዙ አሉ። የጦርነት ጉዳት የሚካሰው በ1961 በወጣው ሕግ በግብር ባለሥልጣኑ በኩል፣ ሰው ማስ ሬኹሽ በሚለው የካሳ ፈንድ ነው። ማኪፍ ቢኖርም ባይኖርም ጥያቄው የሚቀርበው ለእነሱ ነው።

«መኪናውን በልጄ ስም፣ ኢንሹራንሱንም በእሱ ስም ላድርገው፣ እሱ የቆየ ሾፌር ነው» የሚለው ምክር በፍቅር የሚሰጥ ነው፤ በጣም የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። ፖሊሲው መኪናውን ማን እንደሚነዳ ይጠይቃል። እናትየው በየቀኑ እየነዱ ልጁ ብቻ ነው የሚነዳው ተብሎ ከተጻፈ፣ አደጋ የደረሰ ቀን የማኪፉም የጻድ ጊሜሉም ኩባንያ አልከፍልም ሊል ይችላል። የዓመቱ ቁጠባ በአንድ ግጭት ይጠፋል። ሌላም ጉዳት አለ፤ ኩባንያዎች ዋጋ ሲሰጡ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ያለ አደጋ ማለፍን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቃሉ። በልጅ ስም የተነዳ ዘመን ለእናት ታሪክ አይሆንም፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ባዶ እጃቸውን ይቀርባሉ። መጀመሪያ ትንሽ ተወዶም ቢሆን በራስ ስም መጀመር ይሻላል።

«ሆቫ የመንግሥት ግዴታ ስለሆነ የትም ዋጋው አንድ ነው» የሚለውም ትክክል አይደለም። መግዛቱ ግዴታ ነው፣ ዋጋውን ግን እያንዳንዱ ኩባንያ ለየብቻ ያወጣዋል፤ ለአንድ መኪናና ለአንድ ሾፌር ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል። የካፒታል ገበያ፣ ኢንሹራንስና ቁጠባ ባለሥልጣን በድረ ገጹ ላይ የሆቫን ዋጋ የሚያወዳድር ማስያ አለው። በዕብራይስጥ ነው፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሾፌሩን ዕድሜ፣ የመንጃ ፈቃዱን ዘመን፣ የሞተሩን መጠንና የኤርባጉን ብዛት ቢሞላላችሁ የኩባንያዎቹ ዋጋ ተደርድሮ ይመጣል።

ስለዚህ መኪናውን ወዳችሁ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የሰሌዳ ቁጥሩን ለሁለት ሶኼን (የኢንሹራንስ ወኪል) ላኩ። ማን ማን እንደሚነዳ፣ እያንዳንዱ መቼ መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ እውነቱን ንገሩ። የሆቫውን፣ የጻድ ጊሜሉንና የማኪፉን ዋጋ ለየብቻ፣ ከኪሳችሁ የሚጠየቀውንም ድርሻ ጨምሮ በጽሑፍ ተቀበሉ። ይህን ያልመለሰ ሶኼን ካለ ሌላ ፈልጉ፤ ሻጩ ቸኮለ ብላችሁም አትቸኩሉ።