ቀይ ቀበሮና የቤታችን ውሻ
በመንዝና በግሼ ደጋ ላይ ከብርቅዬው እንስሳ ጋር መጎራበት

ውሻ የሚወዱ ሰዎች ስለ ግሬይሀውንድ ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። ረጅም እግር፣ ሾጠጥ ያለ አፍ፣ የቀጠነ ወገብ፤ ዓይኑ ያየውን ሮጦ የሚይዝ ውሻ ነው። በእኛ አገር ይህን ቁመና የያዘው እንስሳ ግን በማንም ግቢ አይገኝም። እሱን ለማየት በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አልፎ ወደ መሐል ሜዳ መውጣት ያስፈልጋል። ከዚያ አልፎ ወደ ሰሜን ሲቀጠል የግሼ ከተማ ራቤል ይመጣል። መሐል ሜዳ አጠገብ ያለው የጓሳ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር የሣር አገር ነው፤ የቀይ ቀበሮ ቤትም ይኸው ነው።

ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ ዝምድናው ለተኩላ ይቀርባል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይኖርም፤ በሕይወት ያሉት ጎልማሶች ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ሲኖሩ የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በጓሳ ተበታትነዋል። በቤተሰብ ተሰባስበው ይኖራሉ። ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት እናት ስትሆን ሌሎቹ ቡችሎቿን በማብላትና በመጠበቅ ያግዟታል። (አክስትና አጎት ያሉበት ቤት ማለት ነው።) ለአደን ሲሆን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይወጣል፤ ጆሮውን አቁሞ፣ ሆዱን መሬት አስጠግቶ ወደ አይጥ ጉድጓድ ይሳባል።

ጓሳ ላይ ደግሞ የማይጠበቅ ጉርብትና አለው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። እሱም በመካከላቸው ሲሆን ግልገሎቻቸውን ትቶ አይጡን ይፈልጋል። እኔ በገበያ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝና ሁለቱም ወገን ሳይጎዳ አንዱ የሚያተርፍበት እንዲህ ያለ ስምምነት ያስቀናኛል።

ታዲያ እንዲህ የሚያምር እንስሳ በእጅ ማሳደግ አይቻልም? በዓለም ላይ ቀይ ቀበሮ የሚታይበት መካነ እንስሳት የለም። በ2012 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች እግሩ በጥይት የተሰበረ አንድ ቀይ ቀበሮ ተገኝቶ ለሳምንታት ታክሞ ነበር። ስሙን ተረፈ አሉት፤ ሲድን ግን ወዲያው ወደ ዱሩ ለቀቁት። መንከባከብ ማለት እዚህ ላይ ቦታውን መጠበቅ ነው። መንዞች ይህን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያውቁበታል። አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ጓሳን ለዘሮቻቸው ከፋፍለው፣ ሣሩ ለዓመታት እንዳይነካ የሚከለክል የ«ቀሮ» ሥርዓት አቆሙ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለመጥረጊያ ይሆናል፤ ሲጠበቅ አይጡም ይበዛል፣ አይጥ በላተኛውም ይኖራል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ወዲህ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ አደራጅቶ እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ዋናው ስጋት የሚመጣው ከውሻ ነው። የደጋ እረኛ ያለ ውሻ በግ አያሳድርም፤ ጅብ አለ፣ ቀበሮ አለ። ያልተከተበ ውሻ ግን የእብድ ውሻ በሽታንና ዲስተምፐርን ያመጣል። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባሌ በተደጋገሙት ወረርሽኞች የተመቱት መንጋዎች እስከ ሦስት አራተኛ የሚሆኑ አባሎቻቸውን አጥተዋል። ቀይ ቀበሮ በጠቅላላው ከ500 በታች ሲሆን አንድ ወረርሽኝ ምን ያህል እንደሚያጎድል አስቡት። ስለዚህ በቀይ ቀበሮ ዙሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ለዓመታት የገጠሩን ውሾች ሲከትቡ ኖረዋል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ለቀይ ቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል።

ከአዲስ አበባ የምትሄዱ ቤተሰቦችም የድርሻችሁ ቀላል ነው። ውሻችሁን ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቢከተብም። ቤት ለሚቀረው ውሻ የእብድ ውሻ ክትባት ከሦስት ወሩ ጀምሮ ይሰጠዋል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ለዲስተምፐር የሚሰጠው ሌላ ስለሆነ የእንስሳት ሐኪማችሁን ለይታችሁ ጠይቁ። ልጅ በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል።

ጓሳ ስትደርሱ የአካባቢውን ሰው አስጎብኚ አድርጉ፤ የምትከፍሉት ገንዘብ እዚያው ይቀራል። ቀይ ቀበሮ ቀን የሚያድን እንስሳ ስለሆነ ልጆቹን ማለዳ ቀስቅሷቸው። ብስኩት እንዳይጥሉለት ንገሯቸው፤ ራቅ ብለው ዝም ብለው ይዩት። ሌሊቱ በጣም ይበርዳል። ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና ብትገዙ ከመኪናው ማሞቂያ በላይ ያገለግላችኋል።