ከግጭቱ በኋላ፦ የአሽከርካሪ ሕጋዊ ግዴታዎች

በኢትዮጵያ ሕግ አደጋ ያደረሰ ወይም የደረሰበት አሽከርካሪ የመጀመሪያ ግዴታው መቆም ነው። ጥፋቱ የእሱም ይሁን የሌላው፣ የተጎዳው ሰውም ይሁን ንብረት፣ ጥሎ መሄድ አይፈቀድለትም። ሞተሩን ያጠፋል፤ የሚመጣ ተሽከርካሪ እንዳይደርብም አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ያስቀምጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ ከሁሉም የሚከብደውም፣ የተጎዳውን ሰው መርዳት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ሕይወቱ፣ አካሉ ወይም ጤንነቱ ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ ራሱን ሳይጎዳ መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወን ማንኛውንም ሰው ይቀጣል። ጉዳቱን ያደረሰው ያው ሰው ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። እርዳታ ሲባል ግን ተጎጂውን አፋፍሶ መኪና ላይ መጫን ማለት አይደለም። አንገቱ ወይም አከርካሪው የተጎዳ ሰው እንደነገሩ ሲነሳ ጉዳቱ ይብሳል። እሳት ወይም ሌላ አጣዳፊ አደጋ ከሌለ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ይሻላል። አምቡላንስ በማይደርስበት ገጠር ግን ተጎጂውን በጥንቃቄ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ማድረስ የአሽከርካሪው ፈንታ ነው።

አንዳንዱ አሽከርካሪ የሚያመልጠው የተሰበሰበውን ሰው ቁጣ ፈርቶ ነው። ፍርሃቱ እውነት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን የሚያዋጣው ሳይዘገዩ ቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጅ መስጠትና ለተጎጂው እርዳታ እንዲላክ ማድረግ ነው፤ መሰወር ግን በአደጋው ላይ ሌላ ወንጀል ይጨምራል።

ተጎጂን ማውጣት ካላስገደደ በስተቀር የትራፊክ ፖሊስ ደርሶ ፕላን እስኪያነሳ መኪናው መነካት የለበትም። የፍሬን ምልክቱ፣ የተሰባበረው መስታወትና የመኪኖቹ አቋም ሁሉ ማስረጃ ናቸው። አሽከርካሪው መንጃ ፈቃዱን፣ ሊብሬውንና የሦስተኛ ወገን መድን ማስረጃውን ያሳያል፤ ስሙንና አድራሻውን ለሌላው ወገን ይሰጣል፤ ለመድን ድርጅቱም በውሉ በተወሰነው ጊዜ ያሳውቃል። መንገድ ዳር በሽምግልና መጨረስ የተለመደ ነው፤ ሰው ከተጎዳ ግን እርቁ ለፖሊስ የማሳወቅን ግዴታ አያስቀርም።

ማስረጃው ለካሳም ወሳኝ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪናው ባለንብረት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ደግሞ፣ አንቀጽ 2084 እንደሚለው፣ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገመትና ባለንብረቶቹ የጉዳቱን ግማሽ ግማሽ ይሸከማሉ። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት ብቻ ወይም በዋናነት በእሱ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ቦታው ከተነካካ ይህን ማስረዳት ይከብዳል።

ገጭቶ ያመለጠው ባይታወቅ እንኳ አካሉ የተጎዳ ሰው፣ ከሞተም ቤተሰቡ፣ ለዚሁ ከተቋቋመው የመድን ፈንድ ካሳ መጠየቅ ይችላል። አድራሹ በታወቀ ጊዜ በፍርድ ቤት የሚቀርበው የካሳ ክስ በመርህ ደረጃ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።